ግማሽ መነሳት

ሐሴት በሩን ከውጭ ዘግታ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ እንደ እንግዳ አንኳኩታ ገባች።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች።

ባሏ ያብስራ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ጭኗል፤ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሏል። ድምፅዋን እንደሰማ ግን ትከሻው ወደፊት ዘንበል አለ፤ መቀመጫው ከወንበሩ አንድ ጣት ያህል ለቀቅ ብሎ መልሶ ዐረፈ። ግራ አንጓው ላይ ያለው አምባር ቢጫ በራ።

«ተነሳህ።»

«አልተነሳሁም።»

«አምባሩ ዋሸ እንግዲህ።»

«አንቺ ነሽ ያስደነገጥሽኝ። ከተጋባን ጀምሮ አንኳኩተሽ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

ሐሴት ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። «እንደገና» ብላ ወጣች።

እንዲህ ያለ ልምምድ ደሴ ውስጥ በብዙ ቤት ይደረግ ነበር፤ ሰው አያወራውም እንጂ። ከጦሳ ተራራ ግርጌ እስከ ወገቡ የተደረደሩት ሕንፃዎች ውስጥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከሰዓት በኋላ መቀመጥን ይማራሉ። ስማቸው ሐሴት፣ ያብስራ፣ ሶልያና፣ ናትናኤል የሆኑ ሰዎች ሁሉ አርጅተዋል። ሲያድጉ ታላቅ ሲገባ ብድግ በሉ ተብለዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ወንበር ልቀቁ ተብለዋል። አሁን ይህን ከእግራቸው ማስወጣት ነበረባቸው።

አምባሩ መርፌ የለውም፤ ክንድ ጨምቆ የሚይዝ ጨርቅም የለውም። በቆዳ ላይ ብርሃን ያሳልፋል፣ ደም ሥር ሲሞላና ሲጎድል ያያል፤ ይኸው ነው። ሰው ከተቀመጠበት ሲነሳ ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ግፊቱ ለቅጽበት ይወድቃል፤ ልብ ፈጠን ብሎ ይደርስለታል። አምባሩ የሚቆጥረው ልብ ምን ያህል ቶሎ እንደደረሰ ነው። የዓመቱ መነሳት ሁሉ ተደምሮ አንድ ቁጥር ይወጣዋል፤ ርጋታ ይባላል።

ርጋታው ከመስመር የወረደ ሰው ፎቅ ላይ መኖር አይፈቀድለትም። አንድ ቀን ይወድቃል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ወደ ሜዳ ይወሰዳል። ሜዳ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለ ሰፈር ነው፤ ደረጃ የለውም፣ ደፍ የለውም፣ አልጋዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። ምግቡ ጥሩ ነው ይላሉ። ከዚያ ተመልሶ የመጣ ሰው ግን አይታወቅም። ርጋታው ደህና የሆነ ባል ወይም ሚስት ተከትሎ አይሄድም፤ አልጋው ለሚያስፈልገው ሰው ነው የሚሰጠው። በበዓላት መጠየቅ ይቻላል።

የሐሴት ርጋታ ደህና ነበር። የያብስራ ከመስመሩ በታች ወርዷል። ውሳኔው ክረምቱ ሲወጣ ነው።

ማስጠንቀቂያው የደረሳቸው ጊዜ ወደ ርጋታ ጽሕፈት ቤት አብረው ሄደው ነበር። የተቀበለቻቸው ባለሙያ የልጅ ልጃቸው ልትሆን የምትችል፣ ሲናገሩ በትዕግሥት የምታዳምጥ ልጅ ነበረች። ያብስራን እያስነሳች እያስቀመጠች ለካችው፤ ከዚያ ማሳያዋ ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች።

«አባባ፣ እርስዎ ምንም አልሆኑም» አለች። «ልብዎ ከእኔ ልብ ይሻላል። ችግሩ ያለው ቤትዎ ነው። ቤት ውስጥ ምንድነው የሚያደርጉት?»

«ምን አደርጋለሁ ልጄ? እቀመጣለሁ።»

«አይቀመጡም። ይኸው፤ ይነሳሉ ግን አይነሱም።»

ቀድማ የገባት ሐሴት ናት። «ሰው ሲመጣ ነው» አለች። «መምህር ነበር፤ ያስተማራቸው ሁሉ ይመጣሉ። ብድግ ሲል ‹ጋሼ ይቀመጡ› ይሉታል፤ ይቀመጣል።»

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ አያቷ ትዝ ያላት ትመስል ነበር። «አምባሩ ሰው ወይ ይቀመጣል ወይ ይቆማል ብሎ ነው የሚያውቀው። ግማሽ ድረስ ሲነሱ ‹ተነሳ› ይላል፤ ልብዎ እስኪፈጥን ይጠብቃል። ልብዎ ደግሞ እንዳልተነሱ ያውቃል፤ ለምን ይፈጥናል? ስለዚህ ‹ልቡ አልደረሰለትም› ብሎ ይይዘዋል።»

«ታዲያ አምባሩን አርሙት» አለ ያብስራ።

«እሱ እዚህ አይታረምም፣ አባባ።»

«የት ነው የሚታረመው?»

ልጅቷ አሰበች። የምር አሰበች። «አላውቅም» አለች።

«አሁን አንቺ የለካሽኝስ?»

«የቢሮ ልኬት ለውሳኔ አይያዝም። ሰው ቢሮ ሲመጣ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው።»

«ሙሉ በሙሉ ብነሳስ? ቀጥ ብዬ?»

«ጥሩ ነው። ግን ይተውዎታል ሰዎቹ?»

አይተዉትም። ቀጥ ብሎ እስኪቆም የሚጠብቅ እንግዳ ባለጌ ነው፤ ሳይነሳ የሚጠብቅ ባለቤትም እንደዚያው። ግማሹን አንዱ ይነሳል፤ ግማሹን ሌላው ይመልሰዋል። አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው ነገር አይደለም።

«እርስዎ ዝም ብለው ቢቀመጡ ነው የሚቀለው» አለች ልጅቷ። ሲወጡ እሷም አልተነሳችም፤ ግን መዳፏን ከጠረጴዛው ላይ ከፍ አደረገች። አሁን አክብሮት ይህ ነው።

አምባሩ መጀመሪያ ሲመጣ በስግደትና በሶላት መነሳትና መውረድም ይሳሳት ነበር። ካህናቱ አቤት አሉ፣ ዑለማው አቤት አሉ፤ ሁለቱም ተሰምተው ታረመላቸው። ለግማሽ መነሳት ግን አቤት የሚልለት ጉባኤ አልነበረውም። ስለዚህ ሰው ቀስ በቀስ ተወው። ችሎት ውስጥ ዳኛ ሲገባ ታዳሚው ተቀምጦ ይቀበላል። ሰርግ ቤት ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰው ባለበት ያጨበጭባል። አውቶቡስ ውስጥ ወንበሩ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ለአሮጊት ተነሺ የሚባል ነገር የለም። ልጆቹ ምንም የጎደለ ነገር አይታያቸውም፤ ምን ይጎድልባቸዋል?

ለያብስራ ከባድ የሆነው ባለበት መቆየቱ አልነበረም። ሰው ሲመጣ ይረሳል። እግሩ ከሱ ቀድሞ ይሄዳል። ሐሴት መጀመሪያ በመቀነት አሰረችው፤ ከወንበሩ ጋር ብድግ አለ። ቀጥላ የተበጠረ ምስር ያለበት ሰፌድ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ምግብ እንዲደፋ ስለማይወድ ይህ ይዞት ነበር። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ሙአዝ እስከመጣ ድረስ።

ሙአዝ አያንኳኳም። ደሴ መጀመሪያ በአየር ላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ የሚሄደውን የሽቦ መኪና ያወጣች ጊዜ ሹፌር ነበር፤ ከሚስቱ ከሒክማ ጋር ነው የሚኖረው፤ ከያብስራ ጋር ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ። «ቤቶች!» እያለ ገባ። ያብስራ ብድግ አለ፤ ምስሩ እንደ ዝናብ ወረደ።

«አዑዙ ቢላህ! ምንድነው ይሄ?» ሙአዝ እጁ ቀድሞት የያብስራን ትከሻ ተጭኖ ነበር። «በአላህ ተቀመጥ! ምስር ታቅፈህ ምን ትሠራለህ አንተ ሰው? እንደ ዶሮ ልትፈለፍል ነው?»

«ጠይቃት» አለ ያብስራ። «ባለቤቲቱ እሷ ናት።»

ሐሴት በጉልበቷ ተንበርክካ ምስሩን በእጇ እያፈሰች ነገረችው። ሙአዝ ሳቀ፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተቀመጥ ስለው የት ነበራችሁ? እኔን ብትቀጥሩኝ ኖሮ!» ከዚያ የአምባሩን ቢጫ መብራት አየ። ሳቁ አልቆመም፤ እየሳሳ ሄደ እንጂ። ሐሴት እስከ በሩ ሸኘችው።

«ሙአዝዬ» አለች ዝቅ ብላ። «እስከ ውሳኔው ድረስ...»

«አልመጣም» ብሎ ከአፏ ቀማት። «ደግሞ ሒክማም ከአልጋ ከዋለች ወዲህ ብዙ ትቻት መውጣት አልችልም። አታስቢ፣ እህት ዓለም። እደውልለታለሁ።» ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞር አለ። «ለስልክም ይነሳል እንዴ?»

«ለአንተ ስልክ ይነሳል።»

«እንግዲያው አልደውልም» አለ፤ ቀልድ አስመስሎ። አልደወለም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቃና። የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች መልእክት ተላከላቸው፤ መምጣት ተዉ። ሐሴት ብቻዋን ትገባለች፣ ትወጣለች። አንድ ጊዜ በራሷ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ በጎረቤት ድምፅ፣ አንድ ጊዜ አሮጊት መስላ እያሳለች። ያብስራ መጀመሪያ በሩን እንዳያይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ በኋላ ፊቱን መለሰ፤ በኋላ በሩን እያየ ሻይውን መጠጣት ቻለ። ትከሻው መዘንበሉን ተወ። ተረከዙ ምንጣፉን መቆንጠጡን ተወ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሐሴት ገብታ «እንደምን ዋላችሁ» ስትል፣ ያብስራ «ደህና» አለና ኩባያውን ወደ አፉ መለሰ። አምባሩ አልበራም። ሐሴት አጨበጨበችለት። ያን ምሽት የሚወደውን ዓሣ ጠበሰችለት፤ ሁለቱም ደህና በሉ።

ሒክማ የሞተችው የያብስራ ቁጥር ከመስመሩ በላይ ወጥቶ ገና ሳይደላደል ነበር። ወሬውን ይዞ የመጣው የሕንፃው ድምፅ ማጉያ ነው፤ የሟችን ስምና የቀብሩን ሰዓት ተናግሮ ሊፍቱ ለጊዜው ለሬሳ እንደሚያገለግል አሳወቀ።

ያብስራ ለረጅም ጊዜ ካልሲውን በእጁ ይዞ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«እንሂድ እንጂ» አለች ሐሴት። «ምን መሄድ፣ እዚያ ነው ማደር ያለብን።»

«እሄዳለሁ። መሄዱማ አይቀርም።» ካልሲውን አገላበጠው። «ሙአዝ ከቀብር ሲመለስ ግን... ተቀምጬ ልቀበለው?»

ሐሴት መልሱን ታውቀው ነበር፤ ከአፏ ለማውጣት ግን ሻርፗን ሁለት ጊዜ መልሳ መላልሳ ጠመጠመችው።

«ትቀመጣለህ» አለች። «ሙአዝ ያውቃል። ነግሬዋለሁ፤ ይገባዋል።»

«ይገባዋል» አለ ያብስራ።

«ሜዳ ከወሰዱህ ማን ያስተዛዝነዋል? አስበው። አንድ ቀን ነው፤ አንዴ ብቻ ነው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ካልሲውን አጠለቀችለት።

ድንኳኑ የተተከለው ከሕንፃው ሥር፣ ግቢው ውስጥ ነው። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ ወገን ናቸው፤ መሐላቸው መጋረጃ አለ፤ መጋረጃው ለሻይ አቅራቢዎች ተብሎ ተገልጧል። ሐሴት ከተቀመጠችበት ያብስራን በጎን ታየዋለች። እንደተለማመደው ነበር፤ መዳፎቹ ጉልበቱ ላይ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ። ሰው ሲገባ ወንዶቹ መዳፋቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፤ አግዳሚው አይንቀሳቀስም። የሐሴት እናት ስትሞት ድንኳን ውስጥ አግዳሚው ቀኑን ሙሉ ሲጮህ እንደነበር ሐሴት ታስታውሳለች፤ ሰው በገባ ቁጥር ረድፉ ሁሉ ይነቃነቃል፣ «ተቀመጡ፣ በሞቴ» ይባላል፣ ረድፉ ተመልሶ ያርፋል። የዚህኛው ድንኳን ጸጥታ የሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል ይመስል ነበር።

ቀብረው ሲመለሱ ሙአዝ ከፊት ነበር። ጫማው ላይ ቀይ ጭቃ አለ። በአንድ ሌሊት ሰውየው አጥሯል፤ ወይም ካፖርቱ ሰፍቶታል። ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ ዓይኑን ከጥላው ጋር አለማመደ፤ ከዚያ ረድፉን እየተከተለ፣ እጅ እየጨበጠ መጣ። የተቀመጡት እጃቸውን ይሰጡታል፣ «አብሽር፣ አይዞህ» ይሉታል፤ እሱም ጎንበስ እያለ ይጨብጣል። ሐዘንተኛው ጎንበስ ይላል፤ አስተዛዛኙ ተቀምጧል።

ሐሴት አንገቷን አሰገገች። እንዲቀመጥ ነበር የምትጠብቀው፤ ተቀመጥ ያለችው እሷ ናት። ሙአዝ እየቀረበ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ስትመኝ ራሷን አገኘች። ተነስ፣ አለች በሆዷ። አንዴ ብቻ ነው። ተነስ እንጂ።

ሙአዝ ያብስራ ፊት ደረሰ። አቀርቅሮ ነበር የሚሄደው፤ ጫማውን አይቶ ማን እንደሆነ አወቀ። ቀና ሳይል፣ ድሮ እንደሚያደርገው፣ እጁን ወደ ትከሻው ዘረጋ።

«በአላህ ተቀመጥ» አለ። «አትነሳብኝ።»

እጁ ትከሻውን አላገኘውም። ትከሻው ሁልጊዜ በሚገኝበት ከፍታ ላይ አልነበረም። እጁ አየሩን ትንሽ ፈለገ፤ ከዚያ ወርዶ፣ ወርዶ፣ የተቀመጠውን ሰው ትከሻ ነካ። ሙአዝ ያን ጊዜ ነው ቀና ያለው። አየው። ያብስራም አየው። ያብስራ መዳፉን ከጉልበቱ ላይ ከፍ አደረገ።

«አብሽር» አለው ሙአዝ። ሐዘንተኛው ለአስተዛዛኙ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ሐሴት ቆማ እንደነበር ያወቀችው ከኋላዋ ያለችው ሴት ቀሚሷን ስትጎትታት ነው። «ተቀመጪ አንቺ፣ ምን ነካሽ? በሰው ለቅሶ ቁጥርሽን ታበላሻለሽ?» ሐሴት አምባሯን አየች። አረንጓዴ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ተነስታ ነበርና።

ውሳኔው ክረምቱ ሲወጣ ደረሰ። አምባሩ ራሱ በሚያምር የሴት ድምፅ አነበበው፦ ያብስራ ባለበት ፎቅ ይቆያል፤ ርጋታው ከዕድሜ እኩዮቹ የተሻለ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎ። ሐሴት የሰጠችው ምላሽ «ተመስገን» የሚል ነበር፤ ያብስራም «ተመስገን» አለ። መምጣት የተዉትን ተማሪዎቹን ስም እየጠራች ልትደውልላቸው ስትል አያስፈልግም አላት።

ወደ ሙአዝ ቤት ሁለት ጊዜ ወርደው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ልጁ በሩን ከፍቶ «ተኝቷል» አላቸው። ሦስተኛ ጊዜ አልወረዱም።

ፀሐይ ወጥቶ ስለነበር ሐሴት ወንበሩን ወደ ሰገነቱ አወጣችለት፤ በሳፋ ሞቅ ያለ ውኃ አመጣች። ለያብስራ ማጎንበስ ስለማይመከር የእግሩን ጥፍር የምትቆርጥለት እሷ ናት። እግሩን ከውኃው አንስታ በፎጣ አደረቀችው፤ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ከአውራ ጣቱ ጀመረች።

«ትነሳለህ ብዬ ነበር» አለች፤ ከጥፍሩ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

የማንን ነገር እንደምታወራ አልጠየቃትም። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ተቀመጥ ያልሽኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ?»

«እኔማ ነኝ። ግን ትነሳለህ ብዬ ነበር።»

ያብስራ ከታች የሚያልፉትን የሽቦ መኪናዎች ተመለከተ። አንዱ አለፈ፤ ሌላውም አለፈ።

«እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት» አለ። «ስንወርድ እስከ ድንኳኑ ድረስ ራሴን ሳስጠነቅቅ ነበር። ሲመጣ እግሬ ያምፃል፣ አግዳሚውን ጨብጬ እይዛለሁ፣ ካቃተኝም ይቃተኝ፣ ሜዳም ልሂድ ብዬ ነበር። ልነግርሽ አልፈለግኩም እንጂ።»

«እሺ?»

«መጣ። ፊቴ ቆመ።» ቃሉን ፈለገ፤ ሲያስተምር ካርታ ላይ ቦታ እንደሚፈልግ። «ምንም የለም። አግዳሚውን አልጨበጥኩም፣ ሐሴት። የምታገለው ነገር አልነበረም። እግሬ አልጠየቀኝም።»

መቀሱ ቆሞ ነበር። ሐሴት የእግሩን ጣት በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል ይዛ ቆየች። እግሩ ሞቃት ነበር፤ ደሙ በደንብ ይሄዳል። ቀና ብላ ልታየው ፈለገች፤ አላየችውም።

«ሌላውን እግር ስጠኝ» አለች።

ሰጣት። ከትንሿ ጣት ጀምራ፣ ቆዳው እንዳይቆረጥ ብርሃኑ ወዳለበት እያዘነበለች፣ አንድ በአንድ ቆረጠችለት። ሻካራውን በሞረድ አለሰለሰችው። ውኃውን አበባው ላይ ደፋች። ካልሲውን አጠለቀችለት፤ የጥፍሩን ቁርጥራጭ ከፎጣው ላይ ሰብስባ በቁራጭ ወረቀት ጠቀለለችውና ከሳፋው አጠገብ አስቀመጠችው።